ጋሽ ተክላይና ባለ ሁለት ሳንባዋ መኪና

የጋሽ ተክላይን ሞት የነገረችኝ ከመርሳ ብርቱካን ይዛ ደሴ ገበያ የመጣች ነጋዴ ናት። ብርቱካኑን እየመረጥኩ ከየት እንደመጣች ጠየቅኋት። ከመርሳ ነው ስትለኝ፣ እንደ ልማዴ የማውቃቸውን ሰዎች እያነሳሁ ደኅንነታቸውን መጠየቅ ጀመርኩ።

«መካኒኩ ጋሽ ተክላይስ እንዴት ናቸው?» አልኳት።

«የቱ? ያ ደንቆሮው ሽማግሌ?»

«አዎ፣ እሳቸው።»

«ውይ፣ እሳቸውማ አረፉ እኮ! ተዝካራቸውም ወጥቷል።»

የመረጥኩትን ብርቱካን እዚያው ትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያን ቀን ከሞታቸው እኩል ሲከነክነኝ የዋለው «ደንቆሮው» ያለችኝ ቃል ነው። ሴትዮዋ ክፉ አልተናገረችም። እሷ ያወቀቻቸው ጆሯቸው ከጠፋ በኋላ ነው። እኔ ግን የማውቃቸው በጆሯቸው ነው።

በጤና ረዳትነት መርሳ የተመደብኩት ገና ልጅ እግር ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ ነው። ጤና ጣቢያችን ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ነበረች። የጋሽ ተክላይ ጋራዥ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊታችን። ጋራዥ ልበለው እንጂ ከደጁ አንድ ትልቅ ዋንዛ የቆመበት የቆርቆሮ ቤት ነው። መኪናውን የሚሠሩት ዋንዛው ጥላ ሥር ነው። ቤቱ ውስጥ ከባለቤታቸው ከእትዬ ለተብርሃን ጋር ይኖሩ ነበር። ልጅ አልወለዱም።

አባታቸው ከትግራይ ጨው እየነገዱ መጥተው ወልድያ የቀሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት እዚያው ወልድያ ነው፤ አነጋገራቸውም የወሎ ነው። ትግርኛ ሲናገሩ የምሰማቸው ከእትዬ ለተብርሃን ጋር ሲጨቃጨቁ ብቻ ነበር። እሷ የቆቦ ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሷ ፈጣን። እሳቸው ደግሞ አጠር ብለው ትከሻቸው የሰፋ፣ ጣቶቻቸው ወፋፍራም፣ ቃል ቆጥበው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። እነዚያ ጣቶች ጥቃቅን ብሎን ሲይዙ ላየ ሰው ይገርሙታል።

አንድ ሾፌር መኪናው ተበላሽቶበት ሲመጣ ብዙ ያወራል። እንዲህ ሆነች፣ እንዲህ ብላ ጮኸች፣ ዳገት ላይ እንቢ አለችኝ ይላል። ጋሽ ተክላይ እስኪጨርስ ይጠብቁትና አንድ ጣታቸውን ያነሳሉ።

«እስኪ ዝም በሉላት» ይላሉ።

ያኔ ሾፌሩም ረዳቱም፣ ዋንዛው ሥር የተቀመጠው ሥራ ፈትም ሁሉ ዝም ይላል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸውን ትንሽ ከፍተው፣ ሞተሩ ላይ ዘንበል ብለው ያዳምጣሉ። አፌ ሲከፈት ጆሮዬም ይከፈታል ይሉ ነበር። ከዚያ ቀና ብለው የት ቦታ ምን እንደላላ ወይም ምን እንደታፈነ ይናገራሉ። አንዳንዴ ይሳሳቱ ነበር። ሲሳሳቱ ይስቃሉ፤ «ዋሸሁባት» ብለው እንደገና ጎንበስ ይላሉ።

እኔን ይወዱኝ ነበር። የደረት ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መንገዱን ስሻገር ሲያዩኝ፣ «የሙያ ጓደኛዬ መጣች!» ይሉኛል። «አንቺም ቱቦ ጆሮሽ ላይ ሰክተሽ ትንፋሽ ነው የምታዳምጪው። የኔይቱ በሽተኛ ግን አታስልብኝም።»

ያን ጊዜ ጤና ጣቢያው መኪና አልነበረውም። ከአቅማችን በላይ የሆነ በሽተኛ ሲመጣ መንገድ ዳር አውጥተን የሚያልፍ መኪና እንለምናለን። ጦርነቱ እየተጠጋ ሲመጣ የጭነት መኪናው ሁሉ ለጦሩ ዋለ። አውቶቡሱም አልፎ አልፎ ሆነ፤ ሲመጣም ጢም ብሎ ሞልቶ ነው።

አንድ ቀን ግራና ከምትባለው መንደር በኩል አንዲት ወላድ በቃሬዛ ይዘው መጡ። ልጁ ሆዷ ውስጥ ከሞተ ቆይቷል፤ ደሟም አልቆም ብሏል። ወልድያ ሆስፒታል ካልደረሰች ምንም ማድረግ እንደማልችል ነገርኳቸው። መንገድ ዳር አወጣናትና ፀሐዩ ስለበረታ ወደ ዋንዛው ጥላ አሻገርናት። ወታደር የጫኑ መኪኖች ተከታትለው አለፉ። ባሏ መሀል መንገድ ገብቶ እጁን ዘርግቶ ቢቆምም እየዞሩት አለፉ እንጂ አልቆሙለትም። ጋሽ ተክላይም ሥራቸውን ትተው ከአጠገቡ ቆመው አብረውት እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር። ሴትዮዋ ዋንዛው ሥር፣ ጭንቅላቷ እትዬ ለተብርሃን ጭን ላይ እንዳለ ሞተች። ባሏ «ኢናሊላሂ» ብሎ አጠገቧ ቁጭ አለና ከእግሯ የወለቀውን ጫማ መልሶ ሊያጠልቅላት ሞከረ። አልገባለት አለ። ጋሽ ተክላይ ጎንበስ ብለው አጠለቁላት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሐጂ ሙሄ ቤት ሄዱ። እኔም ለሐጂ መርፌ ልወጋ መሄዴ ስለነበር አብረን ገባን።

ሐጂ ሙሄ የመርሳ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ቀልድ የሚወዱ ትልቅ ሰው። በንጉሡ ጊዜ የገዟት አንዲት ነጭ ቮልስ ግቢያቸው ውስጥ ቆማለች። አንድ ግብዝ መካኒክ የካርቡሬተሯን ብሎን ከመጠን በላይ አጥብቆ አካሉን ሰንጥቆታል። ካርቡሬተር ማለት አየርና ቤንዚን አደባልቆ ለሞተሩ የሚያቀርበው ዕቃ ነው፤ እሱ ከሌለ ሞተሩ አይተነፍስም። መለዋወጫ በአገሩ ስለጠፋ መኪናዋ እንደቆመች ቀረች፤ ዶሮዎችም እንቁላል ይጥሉባት ጀመር።

«ሐጂ፣ ያቺን ቮልስ ይስጡኝ» አሏቸው ጋሽ ተክላይ።

«ዶሮዎቼን ወዴት ልውሰዳቸው?»

«አንቱ ዶሮ ቤት ይሥሩ፤ እኔ መኪና ልሥራ።»

«ካርቡሬተሩን ከየት አባትህ ታመጣዋለህ? አዲሳባ ድረስ አስፈልጌ አጥቻለሁ እኮ።»

«የመኪናው ከጠፋ የሞተር ሳይክል አለ።»

ሐጂ ወደኔ ዞሩ። «ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ አሞታል። መርፌውን ለሱ ውጊለት» አሉኝ።

ጋሽ ተክላይ አልሳቁም። «ትናንት ደጄ ላይ የሞተችውን ሴትዮ ሰምተዋል?» አሉ።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱና፣ «ካነሳሃት የበሽተኛ ናት። አላህ ይመስክር፣ እኔ እንኳ ጤነኛ ሆኜ አልቀመጥባትም» አሉ።

ወልድያ ውስጥ የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሠራተኞች ይነዷቸው የነበሩ፣ አገልግሎታቸው አብቅቶ የተጣሉ ሁለት ሞተር ሳይክሎች ነበሩ። ጋሽ ተክላይ ለምነው የሁለቱንም ካርቡሬተር አመጡ። በጨርቅ ጠቅልለው እንደ እንቁላል ተሸክመው ከአውቶቡስ ሲወርዱ አየኋቸው። ዋንዛው ሥር ዘርግተው አሳዩኝ።

«ያቺ መኪና ሞተሯ በግራና በቀኝ የተከፈለ ነው» አሉኝ። «ድሮ ሁለቱም ወገን በአንድ አፍ ነበር የሚተነፍሱት። አሁን ለግራው አንድ፣ ለቀኙ አንድ እንሰጣታለን። ሁለት ሳንባ ማለት ነው፤ ይሄ እንኳን ያንቺ ትምህርት ነው።»

መርሳ «ባለ ሁለት ሳንባዋ» ያላት ከዚህ ተነስቶ ነው።

ሥራው እንዳሰቡት ቀላል አልሆነም። ቧንቧውን ከተሰበረ አልጋ ብረት ቆርጠው ወልድያ ወስደው አስበየዱት። ከሞተሩ ጋር የሚጋጠመውን ወፍራም ብረት በሞረድ እየሞረዱ እጃቸው ተላጠ። መጋጠሚያውን ጎማ ከከባድ መኪና ቱቦ ቆረጡ። ነዳጅ መስጫውን ከሁለቱ ካርቡሬተሮች ጋር ያገናኙት በብስክሌት ፍሬን ካቦ ነው። መጀመሪያ ያስነሷት ቀን የመኪናዋ ፓምፕ ቤንዚኑን በኃይል ገፋባቸው። የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ቤንዚኑ ከላይ ዝም ብሎ እንዲወርድለት እንጂ እንዲገፋበት አልተሠራም፤ አፉ ሞልቶ ፈሰሰና ትኩሱ ጭስ ማውጫ ላይ ጠብ አለ። እሳቱ ቦግ ሲል የጋሽ ተክላይ ቅንድብ ተለበለበ። እትዬ ለተብርሃን ሮጣ አሸዋ ከነአካፋው ገለበጠችበት። ከዚያ በትግርኛ ጀመረቻቸው፤ ሰፈሩ ትርጉም ሳያስፈልገው ተረዳ።

ከዚያ በኋላ ፓምፑን ፈቱትና ከአንደኛው ሞተር ሳይክል የተነሳውን ቀይ የቤንዚን ታንክ ፖርቶመጋላው ላይ፣ ከመኪናዋ አናት አሰሩት። ቤንዚኑ በቀጭን ቱቦ በራሱ ይወርዳል። ነጭ ቮልስ ቀይ ታንክ ተሸክማ ስትታይ የመርሳ ሰው በሳቅ ሞተ። እሳቸው ግድ አልሰጣቸውም።

ዋናው ሥራ ማስማማቱ ነበር። ሁለቱ ካርቡሬተሮች እኩል ካልሳቡ ሞተሩ አንድ እግሩ እንዳጠረ ሰው ያነክሳል። ጋሽ ተክላይ የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ውስጥ ከተው ሌላውን በቀኙ ካርቡሬተር አፍ ላይ ይደግኑታል። አየሩ ሲገባ የሚያሰማውን ሽውታ ይሰማሉ፤ ወደ ግራው ይዞራሉ፤ ብሎኗን በካቻቢቴ ነካ ያደርጋሉ፤ ይመለሳሉ። እስከ ወንዙ ነድተው ይመጡና ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትተው መልኩን ያያሉ። ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶባታል፣ ከነጣ አንሷታል፤ የተቆላ ገብስ ሲመስል ደስ ይላቸዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የደረት ማዳመጫዬን እንዳውሳቸው ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ግራና ቀኙን ካዳመጡ በኋላ ጆሮዬ ላይ ሰኩልኝ። ከቀኙ ወደ ግራው ስዞር ልዩነት አጣሁበት።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

«አንድ ናቸው።»

«በይ እንግዲህ፣ በሽተኛሽን አምጪ» አሉ።

ያቺ መኪና ስንት ሰው እንዳዳነች አላውቅም። ወላድ፣ በሬ የወጋው ገበሬ፣ ውሃ ጉድጓድ የገባ ሕፃን ይዘን ወልድያ ተመላልሰናል። ወልድያ የማይችለው ሲሆን ውርጌሳን አልፈን ደሴ ድረስ እንወጣለን። ደሴ ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጋሽ ተክላይ ከመነሳታችን በፊት ቤንዚን የሚመጥነውን የካርቡሬተሮቹን መርፌ ዝቅ ያደርጉላታል። «ዳገት ላይ ብዙ ካጎረስናት ይተናነቃታል» ይሉኝ ነበር። እኔ ኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ በሽተኛ አቅፌ እቀመጣለሁ። ዛሬም ያ ድምፅ ወገቤ ላይ ይሰማኛል።

መከራው የመጣው በዚያችው መኪና ነው። ሰሜኑ በሙሉ በአማፂዎቹ እጅ ሲገባ የትግሬ ስም ያለው ሁሉ ይጠረጠር ጀመር። ወደ መርሳ አዲስ የመጣ ካድሬ ጋራዡ ድረስ መጣ። እኔ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ቆሜ እሰማለሁ።

«ማንን ነው የምታመላልሰው?» አላቸው።

«በሽተኛ።»

«የየትኛው ወገን በሽተኛ?»

«የታመመ ሰው ነዋ! ሲያቃስት ወገኑን አይናገርም» አሉ ጋሽ ተክላይ።

ይህን እንደ ድፍረት ቆጠረባቸው። ቁስለኛ ወንበዴ አሳክመሃል ተብለው በወታደር መኪና ተጭነው ወደ ደሴ ተወሰዱ። የሚመላለሱት በሽተኞች የጤና ጣቢያው መሆናቸውን ሄጄ መሰከርኩ። ሐጂ ሙሄም ሽማግሌ ሰብስበው ሄዱ። «እናንተም ልትከተሉት ነው እንዴ?» ተብለን ተመለስን። መኪናዋም ተወረሰች። እትዬ ለተብርሃን ስንቅ ይዛ ደሴ ትመላለስ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳን ዓይናቸውን ሳታይ።

ተፈትተው ሲመጡ ክረምት ገብቶ ነበር። እትዬ ለተብርሃን ወዲያው ወደኔ አመጣቻቸው፤ እግራቸው ቆስሏል፣ በጣም ከስተዋል። የጤና ጣቢያው ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ያን ቀን ዶፍ እየወረደ እኔና እትዬ ለተብርሃን ለመደማመጥ እንጮህ ነበር። እግራቸውን እያጠብኩ ሳለ ጋሽ ተክላይ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና፣

«ዝናቡ አባራ አይደል?» አሉ።

እኔና እትዬ ለተብርሃን ተያየን። እሳቸው ፊታችንን ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ከነቁስላቸው ተነስተው በሩን ከፈቱና እጃቸውን ወደ ውጭ ዘረጉ። እጃቸው እስከ ክንዱ ራሰ። የራሰውን እጃቸውን ቆመው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«እሺ» አሉ።

ኋላ ጆሯቸውን ሳየው የሁለቱም ታምቡር ተቀዷል። እዚያ ምን እንዳደረጓቸው አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጋራዡ ተዘጋ። ዋንዛው ሥር ይቀመጣሉ፤ መኪና ሲያልፍ ዓይናቸው ይከተለዋል። በዚህ ሁኔታ ሳሉ ሐጂ ሙሄ መኪናቸው እንደተጣለች ሰሙ። የካድሬው ሾፌር ሲነዳት ከርሞ፣ ስታስቸግረው ያገኘውን ብሎን ሁሉ እየጠመዘዘ አበላሽቷት ሜዳ ላይ ትቷታል። ሐጂ በበሬ አስጎትተው ዋንዛው ሥር አመጧት። እንደ ድሮው ሊቀልዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጋሽ ተክላይ እንደማይሰሟቸው ትዝ ሲላቸው ግን ትከሻቸውን ነክተው ብቻ ሄዱ።

ጋሽ ተክላይ መኪናዋን ብዙ ቀን ሳይነኳት ቆዩ። አንድ ጠዋት ግን ካርቡሬተሮቹን ፈትተው ሲያጥቡ አየኋቸው። መልሰው ገጠሙና አስነሱ። መዳፋቸውን በአንዱ ካርቡሬተር አፍ ላይ፣ ከዚያ በሌላው ላይ እያደረጉ የአየሩን መሳብ በቆዳቸው ሊለኩ ሞከሩ። ሞተሩ ይንፈራገጣል። ብሎኑን ያዞራሉ፣ ይመለሳሉ፣ ያዞራሉ። ጠዋቱ እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ካቻቢቴውን ሣር ውስጥ ወረወሩትና ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

እትዬ ለተብርሃን ደጃፉ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር። መጥታ ካቻቢቴውን አነሳች፤ በቀሚሷ ጠረገችና እጃቸው ላይ አስቀመጠችው። የጎማውን ቱቦ ከመሬት ወስዳ አንዱን ጫፍ ጆሮዋ ውስጥ ከተተች። ያ ሁሉ ዓመት በሞተር ጩኸት ስታማርር የኖረች ሴት ናት። ዋንዛው ሥር የቆምነውን ሁሉ አየችና ልክ እንደ ባሏ አንድ ጣቷን አነሳች።

«እስኪ ዝም በሉላት!» አለች።

ቀኙን አዳመጠች፣ ግራውን አዳመጠች። «ይቺኛዋ ታፏጫለች፤ ያቺኛዋ ታቃስታለች!» ብላ ጮኸች። እሳቸው አልሰሙም፤ ፊቷን ግን አዩ። በእጇ እንደ ሚዛን አሳየቻቸው፤ ይሄኛው ከፍ፣ ያኛው ዝቅ። ብሎኑን ነካ አደረጉ። እጇ ትንሽ ቀረበ። እንደገና ነኩ። ሁለት መዳፎቿ እኩል ሲሆኑ ሞተሩ መንፈራገጡን ተወ። ጋሽ ተክላይ መዳፋቸውን መከለያው ላይ ዘርግተው ቆዩና ከእስር ከወጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ጋራዡ የሁለት ሰው ሆነ። እሷ ትሰማለች፤ እሳቸው ይነካሉ። በሥራው መሀል ይጨቃጨቃሉ፤ እሷ በአፏ፣ እሳቸው በእጃቸው። ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ እሷ ሞተር ሥራ ፈትቶ ሲዞር አትወድም፤ አዳምጣ እንደጨረሰች አጥፋ እያለች ትጎነትላቸዋለች። ጋሽ ተክላይ ሲነዱ አጠገባቸው ተቀምጣ ጥሩንባ ስትሰማ ክንዳቸውን የምትነካውም እሷ ነበረች። የሐጂን ምራት ለወሊድ ወልድያ ያደረስናት እንዲህ ሆነን ነው። እኔ መርሳ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ከዚያ የተሻለ ወራት አላስታውስም።

ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን እትዬ ለተብርሃንን ሆዷን አመማት። ስነካው እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ ያስታውካታል። አንጀቷ ሳይጠማዘዝ እንዳልቀረ ገባኝ። ኦፕራሲዮን ካልሆነች እንደማትተርፍ ለጋሽ ተክላይ በእጄ ሆዴን የመቅደድ ምልክት እያሳየሁ አስረዳኋቸው። ወልድያ አካባቢ ውጊያ ስለነበር መንገዱ ተዘግቷል። የቀረው ደሴ ነው። ጋሽ ተክላይ መርፌዎቹን ለደጋው ዝቅ አደረጉ። ቱቦውን የሚይዝ ስላልነበረ እኔ ልይዝላቸው ስል እሷ ከተኛችበት፣ «ተይው፣ ደህና ናት፤ ከዚህ ትሰማኛለች» አለችኝ።

ውርጌሳ ስንደርስ ኬላው ላይ አስቆሙን። ከደሴ የሚመጣ የጦር መኪና እስኪያልፍ ማንም አይንቀሳቀስም ተባለ። ሰልፉ ጫፍ አልነበረውም። ጋሽ ተክላይ አሁን አሁን እንለቀቃለን ብለው ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱና ወደ ወታደሩ ሄዱ። ወታደሩ ልጅ ነው፤ ጢም እንኳን አላበቀለም።

«ልጄ፣ ሚስቴ ታማብኛለች፤ በጎን ልለፍ» አሉት። ድምፃቸውን ስለማይሰሙት ይጮሁ ነበር።

«አባባ፣ ትእዛዝ ነው። አልችልም።»

«ምን አልክ?»

«አልችልም አልኩ!»

«ጆሮዬ አይሰማም፤ ምን አልክ?»

ወታደሩ ራሱን ነቀነቀ። እሳቸው ልመናውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

እኔ ኋላ ወንበር ላይ እትዬ ለተብርሃንን አቅፌያታለሁ። ሞተሩ ከበስተጀርባችን በሚኒሞ፣ ቀስ ብሎ፣ አንዲት እንከን ሳይኖርበት ይዞራል። ላብ አጥምቋታል፤ የልብ ምቷ እጄ ላይ እየጠፋ ነው። ዓይኗን ገለጠች።

«የሺ» አለችኝ።

«አቤት፣ እትዬ።»

«ንገሪው፣ ሞተሩን ያጥፋው። ቤንዚኑ አለቀ እኮ።»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁ። እሳቸው ወታደሩ ፊት ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። መልሼ ወደ እሷ ስዞር ትንፋሽ የላትም። ደረቷን አዳመጥኩ። ማዳመጫዬ ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር።

ወርጄ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደምነግራቸው እያሰብኩ ነበር፤ ብጮህም አይሰሙኝም። ክንዳቸውን ያዝኩ። ዞረው ፊቴን አዩ። የሚናገሩት ቃል መሀሉ ላይ ተቋረጠ። ወታደሩም ገብቶት መሰለኝ ጠመንጃውን ወደ ኋላ አንግቶ መንገዱን ከፈተልን። የምንሄድበት ግን አልነበረም። ጋሽ ተክላይ ወደ መኪናዋ ተመልሰው ቁልፉን አዞሩና ሞተሩን አጠፉ። ኋላ ገብተው ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አደረጉና እስኪመሽ ድረስ እንዲሁ ተቀመጡ።

ከቀብሯ በኋላ ግንባሩ ወደኛ ሲቀርብ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ወደ ደሴ ተዛወርን። በጥድፊያ ስለነበር ለመሰናበት እንኳን አልተገናኘንም። ደርግ ወደቀ፤ ዓመታት አለፉ። መርሳን መልሼ የረገጥኳት ሐጂ ሙሄ ሞተው ለለቅሶ ስሄድ ነው።

ጋሽ ተክላይን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሸብተዋል። መኪና መሥራት ትተዋል፤ ሁለቱን ካርቡሬተሮች ለወልድያ መካኒክ እንደሰጧቸው ነገሩኝ። የሰው ከንፈር ማንበብ ተምረዋል፤ ቀስ ብዬ ስናገር ይገባቸዋል። ስለ ሐጂ አወራን፤ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

«ያን ቀን ውርጌሳ ላይ ካንቺ ጋር ነበረች» አሉ። «እኔ ከዚያ ልጅ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የሄደችው። የሆነ ነገር ብላሻለች?»

ለሳቸው የሚሆን የተሻለ ቃል ፈለግሁ። ስምዎን ጠራች ልበል፣ ባረከችዎ ልበል ብዬ አሰብኩ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከንፈሬ ላይ ተክለው ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። እንደዚያ እያዩኝ መዋሸት አቃተኝ።

«ሞተሩን ያጥፋው፤ ቤንዚኑ አለቀ እኮ፣ አለች» አልኳቸው።

«ድገሚው።»

ቃል በቃል፣ ቀስ ብዬ ደገምኩት።

ለአፍታ ፊታቸው ባዶ ሆነ። ከዚያ ሰፊ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ እየወረደ ይስቃሉ።

«ለቀስተኛ ሁሉ ስምህን ጠርታ ነው የሞተችው እያለ ሊያጽናናኝ ሞክሯል» አሉ። «አላመንኩም። ማን እንደሞተችብኝ እንኳን ጠፍቶኝ ነበር። ይቺ ግን እሷ ናት፤ ራሷ ለተብርሃን ናት!»

እጄን ሳይለቁ ቃሏን በራሳቸው አፍ አሉት፤ ደጋግመው አሉት። የገዛ ድምፃቸውን ስለማይሰሙት ይጮሁ ነበር። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ዞረው አዩን። እኔም ቀስ ይበሉ አላልኳቸውም።